የእንጨት መሥሪያ ክፍሌን ወለል በምን ልጨርሰው?

ክራር_ጠራቢ · ደብረ ማርቆስ · ሚያዝያ 19፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ዋላችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው። ከሥራ ውጭ ግን እንጨት ካልነካሁ ቀኑ አይመሽልኝም። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዱካ፣ አንዳንዴ ለጎረቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ። ለሽያጭ አይደለም። እስካሁን የምሠራው በረንዳ ላይ ነበር። ባለቤቴ ሽሮ ውስጥ ሰጋቱራ ካገኘች በኋላ ግን ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለቀቀችልኝ። "ለቀቀችልኝ" ስል አባረረችኝ ማለቴ ነው።

ክፍሏ 4 በ5 ናት። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ወለሉ አሮጌ ሊሾ ነው። ተሰነጣጥቋል፤ በጠረግሁት ቁጥር ደግሞ ዱቄት ይተፋል። ባለፈው አንድ ክራር ቫርኒሽ ቀብቼ አሳደርሁ። ጠዋት ስነካው ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ።

ዩቲዩብ ላይ የፈረንጆቹን ጋራዥ አያለሁ። ኢፖክሲ ያፈሱበትና እንደ መስታወት ያበራል። ልቤ እዚያ ላይ ነው። ወንድሜ "ሴራሚክ አንጥፈህ ተገላገል" ይላል። ገበያ ላይ ፒቪሲም (የፕላስቲክ ምንጣፉን) አይቻለሁ። በጀቴ የመምህር ነው፣ ታውቁታላችሁ። ክረምት ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ቦያካ · ባሕር ዳር · ሚያዝያ 19፣ ከምሽቱ 3:02

ግንበኛ ነኝ፣ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከላይ ምን ላልብሰው ከማለትህ በፊት ከሥር ያለውን ንገረን። አፈሩ ቀይ ነው ጥቁር? ከሊሾው ሥር ድንጋይ ተረብርቧል ወይስ እንዲሁ አፈር ላይ ነው የፈሰሰው? ስንጥቁ ፀጉር ያህል ነው ወይስ ሳንቲም ይውጣል? በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ወለል እኩል ነው ወይስ አንዱ ወገን ተነሥቷል?

ይሄን ሳትመልስ ኢፖክሲ አድርግ የሚልህን ሰው አትስማው። ላዩ ጌጥ፣ ውስጡን ለቄስ ይሆንብሃል።

ሞርሳ · ቡሬ · ሚያዝያ 19፣ ከምሽቱ 3:40

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ብየዳ ትነካካለህ? አንዳንዴም ቢሆን?

የምጠይቅህ ደርሶብኝ ነው። ግማሹን ክፍል ፒቪሲ አስነጥፌ ነበር። የብየዳው ፍንጣሪ በሦስት ወር ውስጥ የነብር ቆዳ አስመሰለው። ኢፖክሲም እሳት አይወድም። ብየዳ ካለ ባዶ ሲሚንቶ እንጂ ሌላ አታስብ። ደግሞ ሰጋቱራና ብየዳን አንድ ክፍል ውስጥ አታጋባቸው። ፍንጣሪ ሰጋቱራ ሥር ገብቶ ለሰዓታት ሲጨስ ይቆይና፣ አንተ ቤትህ ገብተህ እራት ስትበላ ነው የሚነሣው።

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 20፣ ከጠዋቱ 1:10

ብየዳ የለም፣ ተመስገን።

አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ጓሮው ተሰነጣጥቆ ልጄ የጣለው እስክሪብቶ ገብቶ ቀርቷል። ቤቱን የገዛሁት ተሠርቶ ስለሆነ ከሥር ያለውን አላውቅም ነበር። ትናንት ማታ ጥግ ላይ የተላቀቀ ቁራሽ አንሥቼ አየሁ። ሊሾው ሦስት ጣት ያህል ነው። ከሥሩ አልፎ አልፎ ድንጋይ አለ፣ የቀረው አፈር ነው። ስንጥቁ በሩ አካባቢ ፀጉር ያህል ነው። በኋላው ግድግዳ በኩል ግን ሳንቲም ይውጣል፤ አንዱ ወገንም ትንሽ ተነሥቷል።

ታይል_ወዳጅ · ፍኖተ ሰላም · ሚያዝያ 20፣ ከጠዋቱ 2:25

ነገሩን አታክብዱት። ሴራሚክ ያንጥፍ። ኮላ ቢፈስ ይፋቃል፣ ቀለም ቢንጠባጠብ ይጠረጋል፣ ዱቄት አይተፋም። የኔ አምስተኛ ዓመቱ ነው። አንዲት አልተነቀለችም።

ሞርሳ · ሚያዝያ 20፣ ከጠዋቱ 2:31

አንተ ምን ትሠራበታለህ?

ታይል_ወዳጅ · ሚያዝያ 20፣ ከጠዋቱ 2:44

ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ።

ሞርሳ · ሚያዝያ 20፣ ከጠዋቱ 2:46

እንዲያ በል። ካሳቢታ ሲወድቅ ምን ይሰብራል!

ቦያካ · ሚያዝያ 20፣ ከቀኑ 7:15

ሰዓቱ የምሳ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየዓመቱ ክረምት ያነሣዋል፣ በጋ ያወርደዋል። ያንተ የኋላ ግድግዳ በኩል የተነሣው ለዚህ ነው። ከሥሩ የሚላወስ ወለል ላይ ሴራሚክ ብታነጥፍ ስንጥቁ በታይሉ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ኢፖክሲም ያው ነው። ኢፖክሲ እንደ ቀለም ላዩን የሚለብስ እንጂ የተሰነጠቀ ወለል የሚያስር ገመድ አይደለም። ከሥር እርጥበት ካለ ደግሞ እያበጠ እንደ ቆዳ ይላጣል።

ታይል_ወዳጅ ወንድሜ፣ ያንተ ቤት ከሥር በደንብ ስለተሠራ ነው የቆመልህ። ምስጋናው ለታይሉ ሳይሆን ለድንጋዩ ነው።

ደንበኛው አሠራር ይሄ ነው። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣል። ተመርጦ የመጣ አፈር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ከዚያ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ይረበረባል፣ ላዩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፈሳል። ይሄ ለአንድ የትርፍ ጊዜ ክፍል ከበደ ካልህ መካከለኛ መንገድ አለ። ግን መጀመሪያ እርጥበቱን እንለካ።

ወፍራም ላስቲክ ግዛ። ክንድ በክንድ የሆነ ቁራጭ ቁረጥ፣ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ወለሉን ጠርገህ አንጥፈውና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀህ ለጥፍ። አንድ በር አጠገብ፣ አንድ መካከል፣ አንድ የኋላ ግድግዳው ሥር። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተወው። ስታነሣው ላስቲኩ ሥር ጠል ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ውሃ ከሥር እየመጣ ነው።

የዳንግላዋ · ዳንግላ · ሚያዝያ 20፣ ከምሽቱ 1:50

እኔ ይሄን ሳልለካ ነው ጉድ የሆንኩት። ከግራቪሊያና ከባሕር ዛፍ የልጆች መጫወቻና ትንንሽ ጠረጴዛ እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ፒቪሲ አስነጠፍኩ። የነጠፈው ሰው "እድሜ ልክሽን ነው" አለኝ። ሐምሌ ላይ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተጠቀለለ። ገልጬ ሳየው ኮላው ሙጃሌ የሚመስል ነጭ ነገር ሆኗል። ይሸታልም። በዚያ ላይ መላጊያዬን አንድ ሌሊት መሬት አሳድሬው ሆዱ ዛገ።

ለካ ክፍሉ የቆመው ውሃ ላይ ነበር።

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 20፣ ከምሽቱ 2:05

ውይ እህቴ! የእንጀራዋ አገላለጽ አስደነገጠችኝ። ላስቲኩን ነገ እገዛለሁ።

አሮጌ_መሮ · ብቸና · ሚያዝያ 21፣ ከጠዋቱ 12:30

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ስታወሩ አነበብሁ። ስለ ላዩና ስለ ታቹ ተናገራችሁ፣ ስለሚወድቀው ዕቃ ግን ማንም አላነሣ።

እኔ ጥርብ የተማርሁት አባቴ ጎጆ ውስጥ ነው። ወለሉ የተጠቀጠቀ አፈር ነበር። እናቴ በእበት ትለቀልቀዋለች። ሲደርቅ አቧራ የለው፣ ሽታ የለው። መሮ ቢወድቅ ተሰክቶ ይቆማል፣ ስለቱ አይነካም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ብውል ጉልበቴ አይሰማኝም ነበር። ኋላ ከተማ ገብቼ ሲሚንቶ ላይ ስሠራ መሮዬም ተሸራረፈ፣ ጉልበቴም ተሸራረፈ። መሮውን ሞረድሁት። ጉልበቱን ማን ይሞርደዋል?

በእጅ መሣሪያ ብቻ የምትሠራ ከሆነ የለቀለቅኸው ወለል ነውር የለውም።

ታይል_ወዳጅ · ሚያዝያ 21፣ ከጠዋቱ 2:10

ጋሼ፣ በ4ጂ ኢንተርኔት እበት እየመከሩን ነው 😂

አሮጌ_መሮ · ሚያዝያ 21፣ ከጠዋቱ 2:30

እበቱ ከኢንተርኔቱ ይልቅ አይቋረጥም ልጄ።

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 21፣ ከቀኑ 6:40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እበቱን እንኳ እናቴ ብትሰማ ደስ ይላታል፤ ባለቤቴ ግን እኔንም ጨምራ ትለቀልቀኛለች። የመሮውና የጉልበቱ ነገር ግን ገብቶኛል። የክራር ገበቴ ከዋንዛ ስፈለፍል ሦስት አራት ሰዓት አንድ ቦታ እቆማለሁ። ማታ ወገቤን ይዤ ነው የምገባው። ዕድሜ መስሎኝ ነበር።

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 1:20

የላስቲኩ ውጤት መጣ።

በር አጠገብ ደረቅ ነው። መካከል ላይ ትንሽ ጠቁሯል። የኋላ ግድግዳው ሥር ያለው ግን ላስቲኩን ሳነሣው ውሃ ተንጠባጠበ። ክረምት እንኳ አልገባም! የዘነበው ማክሰኞ ማታ ትንሽ ብቻ ነው።

ቦያካ · ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 1:48

የኋላው ጣሪያ አሸንዳ አለው?

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 1:55

...የለውም።

ቦያካ · ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 2:20

በል እንግዲህ። የቆርቆሮው ውሃ በሙሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ዋልካው ይጠጣዋል፣ ያብጣል፣ ወለልህን ያነሣዋል። የወለል ገንዘብህን መጀመሪያ ውጭ አውጣው። አሸንዳ አሰቅል። ግድግዳውን ተከትለህ አንድ ሜትር የሚሆን ቦታ በድንጋይና በሲሚንቶ አስነጥፍ፤ ተዳፋቱ ከግድግዳው የሚሸሽ ይሁን። ጫፉ ላይ ቦይ አድርግና ውሃውን ከቤቱ አርቀህ ልቀቀው። ግድግዳው ሥር የተከልኸው አትክልት ካለ ንቀለው፣ የምታጠጣው ውሃም እዚያው ነው የሚገባው።

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 2:31

ጎመን አለ። የባለቤቴ ጎመን።

ሞርሳ · ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 2:33

ኢፖክሲ ይቀልሃል።

የዳንግላዋ · ሚያዝያ 24፣ ከጠዋቱ 3:00

ጎመኑን አንድ ሜትር ተኩል አርቀህ መልሰህ ትከልላት። ተደራደር።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁትን ልንገርህ፣ የጋሼን የጉልበት ነገርም ይመልሳል። ፒቪሲውን ነቅዬ ወለሉን ባዶ ሲሚንቶ ተውሁት። የሥራ ጠረጴዛዬ (ባንኮዬ) ፊት ብቻ የእንጨት መቆሚያ አነጠፍሁ። ሞራሌ (የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ደረደርሁ፣ ላዩ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ገበታ) በብሎን አሰርሁ። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለሁለት ሰንጥቄ ባንኮው ፊትና የመሰርሰሪያው ቦታ አደረግሁት። ከወለሉ ጋር አልተመታም። ሰጋቱራ ከሥሩ ሲከማች አንሥቼ እጠርጋለሁ። እግሬ አይበርደኝም። መሮ ቢወድቅ እንጨት ላይ ነው።

ታይል_ወዳጅ · ሚያዝያ 24፣ ከጠዋቱ 3:20

እኛ ጋ እንጨት መሬት ካስነካሽ ምስጥ ነው የሚወርሰው።

የዳንግላዋ · ሚያዝያ 24፣ ከጠዋቱ 3:42

ለዚህ ነው የማነሣው። ምስጥ የማይነካካ ጨለማ ነው የሚወደው። በወር አንዴ ገልብጬ አያለሁ። ሞራሌውን ደግሞ ከእርጥበቱ እንዲለይ ከሥሩ የላስቲክ ቁራጭ አድርጌበታለሁ። አንዳንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። እኔ ሽታውን አልወደውም፣ ለክራር ቆዳም አይሆንም።

ላዩን የተልባ ዘይት ነው የቀባሁት። ተልባ እኛ ጋ ሞልቷል። ጥሬው ሲደርቅ ቀናት ይፈጃል፣ ስስ ስስ አድርገህ ቀባው። ግን አንድ ነገር በሞቴ አስተውል። የቀባህበትን ጨርቅ ጨምድደህ አትጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይሞቃል። ጨርቁ ከተጨመደደ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ይነድዳል። እኔ ካርቶን ውስጥ ወርውሬው ነበር። ማታ የጭስ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ከፍቼ ሳየው ጨርቁ መካከሉ ከሰል ሆኗል። ካርቶኑ ደግሞ ያለው ሰጋቱራው አጠገብ! አሁን አጥር ላይ አንድ በአንድ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ ወይም ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ።

አሮጌ_መሮ · ሚያዝያ 24፣ ከቀኑ 5:15

የተልባው ጨርቅ እውነት ነው። እኔም ስምንት ዱካ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ጎረቤቶቹ መድኃኒት ተደርጎበት ነው ብለው አስወሩ።

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 27፣ ከምሽቱ 3:10

እሽ፣ ጎመኑ ተነሣ። ዋጋው አዲስ የእንጀራ መሶብ መቀመጫ ነው፣ በራሴ እጅ የሚሠራ። አሸንዳው ነገ ይሰቀላል።

አሁን መካከለኛውን መንገድ ንገረኝ አቶ ቦያካ። ሁሉን አፍርሶ ዋልካ ማስወጣት አልችልም።

ቦያካ · ሚያዝያ 27፣ ከምሽቱ 4:00

"አቶ" ተወው፣ ወንድምህ ነኝ።

የተነሣውን የኋላ ክፍል ብቻ አፍርሰው። ወደ ታች የቻልኸውን ያህል ቆፍር፣ ድንጋይ ረብርብና ጠቅጥቀህ ከቀረው ጋር እኩል አድርገው። ከዚያ ሙሉውን ወለል ወፍራም ላስቲክ አልብሰው። ሲጋጠም ሁለት ስንዝር ይደራረብ፣ ግድግዳውም ላይ ትንሽ ይውጣ። በላዩ ላይ አዲስ ሊሾ ታፈሳለህ። ላስቲክ ላይ የሚፈስ ሊሾ ከሥሩ ጋር ስለማይያያዝ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ውስጡ የሽቦ መረብ አድርግ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ካሬ በ5 ሳንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ኩብ። አንድ ለሦስት ብታቦካው ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 10 ከረጢት አካባቢ ይወስዳል። አሸዋው ጭቃ የሌለበት ይሁን፤ እጅህ ላይ አሽተህ እድፍ ከተወ ታጥቦ ይምጣ። ወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሚነሣ በሩን ከታች ማስቆረጥህን አትርሳ። ሁሌም ይረሳል። ከረሳኸው በቀጣዩ ቀን ክፍልህ ውስጥ መግባት አትችልም።

በየሁለት ሜትሩ መገጣጠሚያ ተውለት። ስንጥቅ መምጣቱ ካልቀረ በተሰመረለት ቦታ ይምጣ።

አሁን ዋናው። ሊሾህ ለምን ዱቄት ተፋ? ሠራተኛው እንዲቀልለት ውሃ አብዝቶበታል። ወይም ሲጨርስ ውሃውን እንዲመጥለት ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሶበታል። ወይም በማግስቱ ፀሐይ ላይ ጥሎት ሄዷል። ሦስቱንም ሳያደርገው አይቀርም። አንተ ግን ቆመህ አሠራ። ቡኮው እፍኝ ስታደርገው የሚቆም ይሁን። ደረቅ ሲሚንቶ አይነስነስበት። ሲጠነክር 7 ቀን ሙሉ ውሃ አጠጣውና በላስቲክ ሸፍነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አጨራረሱም እንደ ሳሎን አይለስልስ። የላመ ወለል ላይ ሰጋቱራ ሲፈስ በረዶ ነው። በፍራታዞ (በእንጨት ማስተካከያው) ብቻ ይጨረስ፣ ትንሽ ሻካራ ይሁን። መጥረጊያ የሚይዝ ግን መሆን የለበትም።

ሞርሳ · ሚያዝያ 28፣ ከጠዋቱ 1:30

ሰጋቱራ ራሱ ጉዝጓዝ ነው እኮ። ቄጠማ አያስፈልግም።

ክራር_ጠራቢ · ሚያዝያ 28፣ ከጠዋቱ 1:45

😂 ቡናውን አንተ አምጣ። ቦያካ፣ ኢፖክሲውስ? ከዚያ በኋላ ይቻላል?

ቦያካ · ሚያዝያ 28፣ ከቀኑ 7:20

28 ቀን ይሙላው። ከዚያ የላስቲኩን ነገር ድገመው። ደረቅ ከሆነ ይቻላል፤ ላዩ ግን መፋቅ አለበት፣ ካልተፋቀ አይይዝም። ላዩ ላይ ጥሩ አሸዋ ካልተነሰነሰበትም ያንሸራትታል። እኔ ብሆን ይሄን ክረምት አላደርገውም። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይየው። ለዱቄቱ ብቻ ከሆነ ሶዲየም ሲሊኬት ያለበት ማጠንከሪያ ይበቃሃል። በብሩሽ ይቀባል፣ ከሲሚንቶው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አይላጥም፣ ምክንያቱም ላዩ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አያበራም። ለዩቲዩብ አይሆንም።

ክራር_ጠራቢ · ሰኔ 15፣ ከምሽቱ 2:00

ሊሾው ግንቦት 10 ፈሰሰ። የበሩ ነገር... ጻፍህልኝ፣ አነበብሁ፣ ረሳሁት። በመስኮት ገብቼ ነው በሩን የነቀልሁት።

ሠራተኛው ደረቅ ሲሚንቶ ሊነሰንስ ሲል እጁን ያዝሁት። ተቆጣ። "እኔን ሥራ ልታስተምረኝ ነው?" አለ። ሥራዬ ማስተማር ነው አልሁት። ማጠንከሪያው ሁለት ጊዜ ተቀብቷል። ትናንት በነጭ ካልሲ ሄድሁበት፣ ካልሲው ነጭ ሆኖ ወጣ።

ክራር_ጠራቢ · ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 1:30

የክረምቱን ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ሐምሌን ሙሉ ሲያወርደው ከረመ። አሸንዳው ሠርቷል፣ ቦዩም ሠርቷል። ላስቲኩን በሦስቱም ቦታ ደገምሁት፣ ደረቅ ነው። የኋላ ግድግዳ በኩል ሁለት ፀጉር ስንጥቅ መጥቷል። አንዱ በመገጣጠሚያው ላይ፣ አንዱ በራሱ መንገድ። የዳንግላዋ እህቴ የነገረችኝን የእንጨት መቆሚያም ሠርቻለሁ፣ በተልባ ዘይት። ጨርቁን አጥር ላይ ሳሰጣ ጎረቤት "ዘይት የጠጣ ጨርቅ ታጥባለህ እንዴ?" አለችኝ። ጋሼ፣ መሮዬ ባለፈው ሳምንት ወደቀ። ተሰክቶ ቆመ። እርስዎን አስታወሰኝ።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ባለቤቴ በባዶ እግሯ ገብታ አየችና "ይሄማ ከዕቃ ቤቱ ይደርቃል" አለች። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጥግ ላይ ተደርድሯል። አሁን ሰጋቱራ ጤፍ ውስጥ ቢገኝ ተጠያቂው ማን ነው?

ቦያካ · ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 1:52

ጤፉን ሲሚንቶ አታስነኩት። ከሥሩ ሞራሌ አድርግለት፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቀው።

የዳንግላዋ · ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2:10

ጎመኑስ እንዴት ሆነ?

ክራር_ጠራቢ · ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2:14

ከቦዩ ጫፍ ነው የተከልናት። የጣሪያውን ውሃ እየጠጣች ለፍልሰታ ደርሳልናለች።